ሬዲዮዬ በባሌ ታክሲ ውስጥ

ዛሬም ድረስ መኪናው ውስጥ ዘፈን ለቆ ሰፈሩን እያናወጠ የሚያልፍ ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «እማዬ፣ ምን አደረጉሽ?» ይሉኛል። እነሱ ምን ያደርጉኛል? ያደረገኝ አባታቸው ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ነፍሱን ይማረው ስላልኩ ደግሞ እኔ የማርኩት እንዳይመስላችሁ።

ሬዲዮዋ የኔ ነበረች። ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሰውዬው እስኪሞት ድረስ «ሬዲዮዬ» እያለ ነው ያወራላት። የገዛኋት እኔ ነኝ። ፈትል ፋብሪካ ቆሜ እየዋልኩ፣ የጥጥ ብናኝ እየዋጥኩ፣ ዕቁብ ገብቼ ነው የገዛኋት። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ቡናማ ሬዲዮ ናት። ዳንቴል ሠርቼ አለበስኳት፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኳት፣ ከእኔ በቀር ማንም እንዳይነካት አልኩ። ማን ሊሰማኝ!

ለጌጥ አልነበረም የገዛኋት። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ኦጋዴን ያለ ወታደር ነበር። እሱ እዚያ በረሃ ላይ ሆኖ እናቴ እኔን ለታክሲ ነጂ ዳረችኝ፤ ሳትጠይቀው፣ ሳታስነግረው። «ወንድም የሌላት ይመስል ዳራችኋት» ብሎ ላከብንና አኮረፈ። እናቴ ከእሱ ጋር ሳትታረቅ ሞተች። እኔም እንደ እሷ ልቀር ነው ብዬ ስብሰለሰል፣ አንድ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ለንግሥ ሄጄ ከወንድሜ ጋር የሚያገለግል የአገራችንን ልጅ አገኘሁ። በፈቃድ መጥቶ ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ይቅር ብሎኝ እንደሆነ በሬዲዮ ሰላም ይበለኝ። እሑድ እሑድ አዳምጣለሁ በልልኝ» ብዬ ላክሁበት። በጃንሆይ ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ለቤተሰባቸው የሚልኩት ሰላምታ በሬዲዮ ይነበብ ነበር። ስንቷ እናት ሬዲዮ ላይ ተደፍታ ታለቅስ እንደነበር የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ ሬዲዮዋ ለዚህ ነበረች፤ ባሌም ለዚህ መሆኗን አሳምሮ ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ከፋብሪካ ስገባ ሬዲዮዬ ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ መሬት ላይ ተኝታለች። ባሌ ካቻቪቴ በጥርሱ ነክሶ፣ ፒንሳ በእጁ ይዞ ተቀምጧል። ዳንቴሌ የእጅ መጥረጊያ ሆኗል። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው ቀና እንኳ አላለም። «ታክሲዋ ላይ ልገጥማት ነው» አለኝ። እንዴ! የማንን ሬዲዮ? «የቤታችንን» አይለኝም መሰላችሁ! ከባንኮኒ ተነስታ ስትገዛ የኔ፣ ስትፈታታ የቤታችን።

ነገሩ ቅናት ነው። ከፒያሳ አዲሱ ገበያ የሚሠራ አንድ ጓደኛው መኪና ላይ ሬዲዮ አስገጥሞ ተሳፋሪ ሁሉ እሱ ጋ መግባት ጀመረ። የኔው ጌታ ታዲያ «ለገጣሚ ከምከፍል እኔ እጅ የለኝም?» ብሎ ተነሳ። እጅስ ነበረው፣ ምን ያደርጋል፣ ትዕግሥት ነው ያልነበረው። ሰይቼንቶ ታክሲዋን ደጃችን አቁሞ ኮፈኗን ከፈተ። የመኪና ባትሪ ለትንሽ ሬዲዮ ጉልበቱ ይበዛባታል፤ ስለዚህ ከባትሪው መሐል ላይ ግማሹን ጉልበት ብቻ በሽቦ ሳበ። ሬዲዮዋን ከመሪው ጎን በሽቦ ቀፍድዶ አሰራት። ከመርካቶ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ መጣና ከኋላ ወንበር በላይ ያለውን ቆርቆሮ በመሮና በመዶሻ በስቶ ቀበረው፤ ድፍን ሰፈር ጆሮውን ይዞ ዋለ። አንቴናው የብስክሌት ጎማ ሽቦ፣ ራጂ፣ ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ አንጀቴ እርር እያለ አያለሁ።

ደግሞ ሠራ! እውነቱን ልናገር፣ መኪናዋ ቆማ ሲከፍታት ድምፁ ማር ነበር። ጎረቤቱ አጨበጨበ። አማቴ እልል አሉ። ሞተሩን ሲያስነሳ ግን ሽምብራ የሚቆላ መሰለ። የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ ማጉያውን ሄዶ ሞተሩ አናት ላይ ነው የቀበረው። ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ዘፋኙም ዜና አንባቢውም ጫጫታው ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ነዳጅ ሲለቅ ይመለሳሉ። መካኒክ ጓደኛው «ጫጫታውን የምታጠፋ ትንሽ ዕቃ አለች፣ እሷን ግዛ» ቢለው «እኔን ልታስተምረኝ ነው?» ብሎ ተቆጣ። በቃ፣ እንደዚያው ሆና ቀረች።

«የእሑዷስ ሰላምታ?» አልኩት። «ነይና መኪና ውስጥ አዳምጪ» አለኝ። ሄድኩ እኮ! ነጠላዬን ለብሼ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ ስመላለስ ዋልኩ። ተሳፋሪው «እሜቴ፣ ረዳት ሆኑ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያጓራ ጆሮዬን ሬዲዮዋ ላይ እለጥፋለሁ። እንዲህ ስል ጥቂት እሑዶች እንዳለፉ ባሌ ፊቱ ጠቆረ፤ የሰው ቦታ ይዤበት ነዋ! ጎረቤት ሄጄ ላዳምጥ ብለው ደግሞ «የኔ ሚስት ሬዲዮ ልትለምን? ታዋርጂኛለሽ?» አለኝ። በመጨረሻ «እኔ እሰማልሻለሁ። ወንድምሽ የጠራሽ ዕለት መጥቼ እነግርሻለሁ፣ እናቴን!» ብሎ ማለልኝ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ማታ እሑድ ማታ በር ላይ እጠብቀዋለሁ። «ወንድሜ ጠራኝ?» «አልጠራሽም።» «ደህና አዳመጥክ?» «አልጠራሽም አልኩሽ እኮ! ምን ሆነሻል?» የሆሳዕና ዕለትም ጠይቄዋለሁ። ጫማውን እያወለቀ «የለም» አለኝ።

ፋሲካ ደረሰ። ለምሳ አማቴ አሉ፣ ጓደኞቹ አሉ፣ እኔ መሶቡን እየዞርኩ አቀርባለሁ። ባሌ ጠጁን ቀመስ ሲያደርግ እንደ ልማዱ የሬዲዮዋን ወሬ አመጣ። «የኔ ሬዲዮ እኮ ሰው አስለቀሰች!» ብሎ ጀመረ። «የሆሳዕና ዕለት ሰው ሞልቼ የአዲሱ ገበያን ዳገት ስወጣ የወታደሮቹን ሰላምታ ያነባሉ። የአንዱን ወታደር ስም ሞተሩ በላብኝ። ልክ ዳገቱን ጨርሼ ነዳጅ ስለቅ ጥርት አለ። ጉለሌ ለምትገኘው ለእህቴ ለእከሊት ይላል።» እከሊት አላለም፣ ስሟን ጠራው። «መልእክትሽ ደርሶኛል፣ ይቅር ብዬሻለሁ ይላታል። ለቅዳሜ ስዑር በባቡር እመጣለሁ፣ ለገሃር ተቀበይኝና አብረን እንፈስካለን። የሰው ደጅ ግን አላንኳኳም። እዚያ ካጣሁሽ መልስሽ እሱ ነው ብዬ እመለሳለሁ ይላታል። ኧረ ሴቶቹ እንባቸው ዱብ ዱብ!» ከጓደኞቹ አንዱ «ታዲያ ትናንት ሄዳ ተቀበለችው ይሆን?» አለው። «ምን አውቄ፣ እንዲህ የምትባል ሴት በሰፈራችን አላውቅም» አለና የዶሮውን ብልት መጋጥ ቀጠለ።

ትናንት እኔ የት ነበርኩ? ለእነዚህ እንግዶች ሽንኩርት ስከትፍ ነበር!

የጠራው ስም እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው። የተዳርኩ ዕለት አማቴ እንደ ወጉ ለሙሽራ የሚወጣውን ስም አወጡልኝ። ከዚያ ወዲያ ባሌም፣ ሰፈሩም፣ ዕድሩም፣ ፋብሪካውም በእሱ ጠራኝ። ወንድሜ ሠርጌ ላይ አልነበረም፤ አዲሱን ስም ከየት ያውቀዋል? የቀድሞውን ስሜን ባሌ ሽማግሌዎች ሲልክ ሳይሰማው አይቀርም፣ ግን ማን ያስታውሰዋል! ስንት ዘመን አብሬው ስተኛና ስነሳ «እናትሽ ማን ብላ ትጠራሽ ነበር?» ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። የሬዲዮዋን እያንዳንዷን ሽቦ ጫፏ የት እንደሚደርስ ያውቃል። አማቴን አየኋቸው። ጉርሻቸው አፋቸው ጋ ደርሶ ቆሟል፤ እሳቸው አልረሱም።

ወንድሜ ያን ቅዳሜ ለገሃር የእንጨት ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እስኪበተን እንደጠበቀኝ የነገረኝ ኋላ ያው የአገራችን ልጅ ነው። በዚያው ባቡር ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። ስንት ሰው ላክሁበት፣ ስንት ደብዳቤ አስጻፍኩለት! «በአገር ፊት ጠርቻት ዝም አለችኝ» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠኝም፤ እንዳኮረፈኝ ሞተ። ይህንን ሰውዬ እንዴት ልማረው?

ያን ዕለት ግን ገና ይህንን አላወቅሁም። እጄ ላይ የነበረውን የወጥ ድስት መሬት አስቀመጥኩ። «ያቺ እህት እኔ ነኝ» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ጓደኞቹም አብረውት ሳቁ። ከዚያ የእናቱን ፊት አየና ሳቁ ጠፋ። ወደ እኔ ዞሮ፣ ልክ እንደ ተሳሳተ ሕፃን እያባበለኝ፣

«አንቺ? ስምሽ እኮ እሱ አይደለም» አለኝ።