አርባ ደቂቃ በውጫሌ መንገድ

ሰዓድ ሄልጌ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በየዓመቱ መስከረምንና ጥቅምትን ሐይቅ ከተማ፣ አጎቱ ቤት ያሳልፋል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ውሃ ይጠጣል፤ ጎማ የተገጠመላቸውን ሁለት ቀጫጭን ስኪዎች፣ እግር ላይ የሚታሰሩ መንሸራተቻዎች፣ ተሸክሞ ወደ አስፋልቱ ይወጣል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይሠራል፤ ተመልሶ ይበላል፤ ይተኛል፤ ከዐሥር በኋላ ይደግመዋል። ዓርብ ያርፋል።

ሙያው በበረዶ ላይ ረጅም ርቀት በስኪ መሮጥ ነው። በረዶ ወድቆ በማያድርበት አገር ይህ ሙያ እንዴት እንደሚሠራ ሐይቅ ዛሬም ጠይቃ አልጨረሰችም። የባጃጅ ሾፌሮቹ በተለይ በእጁ የሚይዛቸው ሁለት ዘንጎች አልዋጥላቸው ብለዋል።

«አንተ፣ በዚህ ዕድሜህ ሁለት ምርኩዝ! ና ላድርስህ፣ በነፃ ነው!»

«ቅደመኝና ዳገቱ ላይ እንገናኝ» ይላል ሰዓድ። አንዳንዴ በእርግጥ ይገናኛሉ። ባጃጁ ሦስት ሰው ከነጓዙ ከጫነ የሚቀድመው ሰዓድ ነው።

እናቱ ዑምኩልሱም የሐይቅ ልጅ ናት። ነርስ ሆና ኖርዌይ ሄደች፤ እዚያም ሄልጌ የተባለ አናጢ ሰልሞ አገባት። ሰዓድ የተወለደው በዚያው ነው፤ በሦስት ዓመቱ አባቱ ስኪ ላይ አቆመው። በዐሥራ አምስት ዓመቱ ግን እናቱ «ወገኑን ይወቅ» ብላ አንድ ሙሉ ዓመት ወንድሟ ዘንድ አኖረችው። ወንድሟ ሰላሀዲን ዓሣ አጥማጅ ነው። ሐይቁ ዳር፣ ፊላው በበቀለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ፣ ታንኳ የሚሄደው ሰው ቆሞ በረጅም እንጨት የሐይቁን ወለል ሲገፋ ነው።

«በእጅህ አትግፋ፤ እጅማ ይደክማል» ይለው ነበር አጎቱ። «እንጨቱ ላይ በሆድህ ውደቅበት!»

ሰዓድ ወደ ኖርዌይ ሲመለስ አሠልጣኙ ግራ ተጋባ። ልጁ በሁለቱ ዘንጎች በአንድ ጊዜ ሲገፋ እኩዮቹን ጥሏቸው ይሄድ ነበር። የት ተማርከው ቢለው «ዓሣ ሳጠምድ» አለ፤ አሠልጣኙ ቀልድ መሰለው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ በወጣቶች አገር አቀፍ ውድድር ሰባተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ቆመ። በአዋቂዎች ውድድር ያገኘው ትልቁ ውጤት ሠላሳ አራተኛነት ነው፤ የኖርዌይ ብሔራዊ ቡድን ደግሞ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው።

ዘንድሮ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰው። የበረዶ ስፖርት ወዳጆች ያቋቋሙት አንድ ትንሽ ማኅበር ኢትዮጵያን ወክሎ እንዲወዳደር ጋበዘው። ሕጉ ሁለት ዜግነት ስለማይፈቅድ የኖርዌዩን መተው ግድ ነው። ከተስማማ ቅጹን ፈርሞ እስከዚህ ሳምንት ዓርብ መመለስ ነበረበት።

ሰኞ ማታ ለአጎቱ ውሳኔውን እንዴት እንደሚሰጥ ነገረው። ከከተማው መውጫ ካለው ድልድይ አንሥቶ ወደ ውጫሌ ዐሥር ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከአርባ ደቂቃ በታች ከገባ፣ በኖርዌይ ገና ተስፋ አለው ማለት ነው፤ አይፈርምም። ከዘገየ ይፈርማል።

«ያረቢ! አገር በሰዓት ይለካል እንዴ?» አለ ሰላሀዲን። ነገሩ አስጨንቆታል፤ የእህቱን ልጅ በኢትዮጵያ ባንዲራ ማየት ይመኛል።

«በምን ልለካው ታዲያ፣ አጎቴ?»



ማክሰኞ ጠዋት ሰዓድ በሕይወቱ እንደዚያ ገፍቶ አያውቅም። በሠላሳ ስድስተኛው ደቂቃ የቀረው አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። በዚያች ቅጽበት ከቀኝ በኩል ካለው መንደር ጀናዛ ወጥቶ አስፋልቱን መሻገር ጀመረ። ቃሬዛውን የያዙት እየተቀባበሉ ይፈጥናሉ፤ ከኋላ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይከተላል።

ጥቂት ቢታገሥ መንገዱ ይለቀቅለት ነበር። በዚህ በአምባሰል አገር ግን ጀናዛ ያገኘ ሰው ቆሞ አያሳልፍም። ቢያንስ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ሰዓድ ስኪዎቹን ፈትቶ ከዘንጎቹ ጋር መንገድ ዳር አኖራቸው። ጋቢ የለበሰ ታረቀኝ የሚባል ገበሬ አየውና ከቃሬዛው ሥር ወጣለት።

«ወንድሜ፣ ትከሻህ ሰፊ ነው፤ ያዝማ።»

ያዘ። ጥቂት እርምጃ ብሎ የጀመረው እስከ መቃብሩ ሆነ። ሦስት ጊዜ አፈር አለበሰ። ዱዓው ሲያበቃ አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የዑምኩልሱም። የዓሣ አጥማጁ የሰላሀዲን እህት።»

«አሃ! እና እግርህን ምን ነካው? ምርኩዝ ስታስቀምጥ አይቼ።»

ቤት ሲደርስ ሰላሀዲን ቀድሞ ሰምቷል፤ እየሳቀ ጠበቀው።

«ዘገየህ አሉ! ትፈርማለሃ።»

«አጎቴ፣ ጀናዛ እኮ ነው።»

«ሕጉን ያወጣኸው አንተ ነህ። ስለ ጀናዛ ያልከው ነገር የለም።»

ሰዓድ ረቡዕን ሙሉ ቀን ታንኳ ላይ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት ለአጎቱ እውነቱን ነገረው፦ ሊፈርም የፈለገው ለውድድሩ አልነበረም። ከዚህ አገር ሰው ጋር የሚቆጥረው ወረቀት ስለፈለገ ነበር።

«ማክሰኞ ቃሬዛ ሲያሸክሙኝ ወረቀት የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ሰላሀዲን መረቡን መጠገኑን ትቶ ቀና አለ። «ባንዲራውን ባየው ደስ ይለኝ ነበር፤ ወላሂ» አለ። «ግን አብሽር።»

በዚያው ዕለት ሰዓድ ለማኅበሩ አመስግኖ እንደማይፈርም ጻፈ። አንድ የበረዶ ወራት ደግሞ በኖርዌይ ይሞክራል፤ ሠላሳ አራተኛም ቢሆን። ከአርባ ደቂቃ በታች ይገባ እንደሆነ ለማየት ሩጫውን ቅዳሜ ለመድገም ወሰነ፤ አጎቱንም አንድ ነገር ለመነው፤ ከመነሣቱ በፊት በመንገዱ ላይ ቀብር ያለበት መንደር መኖር አለመኖሩን ደውሎ እንዲያጣራለት።