የዳባት ክብሪቶች

አክስቴ የምታጠናው የሆድ ትል ነበር። አያቴ ግን ሰው በጠየቃቸው ቁጥር «ሐኪም ናት» ብለው ወሬ ያስቀይሳሉ። ዘመኑ ደርግ ነው። ጎንደር ከነበረው ላቦራቶሪ በተመራማሪነት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። አለቃዋ ወደ ትውልድ አገሯ ወደ ዳባት ሲልካት፣ የሰገራ ናሙና ሰብስባ ካልመጣች ጥናቱን ለወንድ ሰጥቶ እሷን ታይፕ ላይ እንደሚያስቀምጣት በግልጽ ነገራት።

ናሙና ያኔ የሚመጣው በክብሪት ቀፎ ነው። ባዶ ቀፎ ለጎረቤቱ ሁሉ አደለች። ሰዉም «እሽ፣ የኔ እመቤት» እያለ ተቀበለ፤ ሞልቶ የመለሰ ግን የለም። ግማሹ አፈረ፣ ግማሹ ፈራ። ጠንቋይ እንዳያገኘው ጥፍሩን ቆርጦ የሚቀብር አገር ይህን ለማን አምኖ ይሰጣል? አያቴም የታወቁ የአገር ሽማግሌ ናቸውና «እኔን እንዳታስቢኝ» ብለው ቁርጡን ነገሯት። አክስቴን ምግብ አስጠላት።

አንድ ጧት አያቴ ግማሽ ዘንቢል ክብሪት ይዘው ከች አሉ። «እየዞርሁ ሰበሰብሁልሽ። ይህ የቄሱ፣ ይህ የአራሷ፣ ይህ የሚሊሻው» እያሉ አስረከቧት።

በደስታ እየበረረች ጤና ጣቢያ ሄዳ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። የቄሱን አየች፤ ኮሶ። የአራሷን አየች፤ ኮሶ። ሁሉም ዘንድ ያው ኮሶ፣ ሁሉም ዘንድ ያው ያልላመ የባቄላ ልጣጭ። ገንፎ ብቻ የምትበላው አራስ እንኳ አልቀረችም። በቤታችን ደግሞ መንጋጋ ሳይኖራቸው ከባቄላ ንፍሮ የማይለዩ አንድ ሰው ነበሩ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአያቴን ያወጣው ማይክሮስኮፕ ነው።

ቤት ስትገባ «አባባ፣ ባቄላው አልላምም ብሎዎታል መሰለኝ» አለቻቸው።

አያቴ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡ። «ታዲያ ባዶ እጅሽን ትመለሽ?»

«በውሸት ከምቆይስ ታይፕ ብመታ ይሻለኛል» አለች።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ዘመቻ ሲናገሩ ቆይተው «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አያቴ ተነሡ። ከጋቢያቸው ሥር ክብሪት አውጥተው ቀይ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። ሊቀመንበሩ ሲጋራቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው እጃቸውን ዘረጉ።

«ኧረ ጓድ፣ አይንኩት! የእኔ ነው፤ የዛሬ ጧት ነው!»

ሴቶቹ ወዲያው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። አያቴ አልሳቁም።

«ሐኪም ናት እያልሁ ስዋሽ ኖሬያለሁ። ልጄ ትል ነው የምታጠናው። ከአባቷ ያጣችውን ከእናንተ ከየት ታገኛለች? ኮሶ አለብኝ፤ ሰማችሁ?»

«እኔም ነገ አመጣለሁ» አሉ ቄሱ ከኋላ፣ ቀስ ብለው። ሚሊሻውም ራሱን ነቀነቀ።

አክስቴ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። በጓዶቹ ሁሉ ፊት ጎንበስ ብላ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ ክብሪቱንም ከጠረጴዛው አንሥተው ሲሰጧት በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው።