ሦስተኛው ጥያቄ

ሰፈርተኛው «ጆሮ» የሚላቸው ጡረተኛ መርማሪ ፖሊስ ሌባ ለማናዘዝ ዱላ አንሥተው አያውቁም፤ አንዱን ጥያቄ በየመሀሉ ጣል እያደረጉ ሦስቴ መጠየቅ ይበቃቸው ነበር። «እውነት አይደክማትም፤ ውሸት ግን ሦስተኛው ላይ ታነክሳለች» ይሉ ነበር።

ዛሬ ትዝታቸው ከድቷቸዋል፤ ጥያቄያቸው አልከዳቸውም።

«ልጃችን የት ሄደች?» አሉ ቁርስ ላይ።

ልጃቸው ከሞተች ዓመት አልፏል። በተነገራቸው ቁጥር እንደ አዲስ መርዶ ስለሚያለቅሱ ባለቤታቸው መዋሸት ለምደዋል።

«ሥራ።»

ሚስት ሸሚዛቸውን ሲቆልፉላቸው ሽማግሌው ጥያቄውን ደገሙት።

«ሥራ ናት አልኩህ፣ አንተ ሰው!»

ምሳ ሲቀርብ ሠለሱት። ሚስት ደክሟቸው «ገበያ» አሉ።

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸው እንደ ድሮው በራ። «ያዝኩሽ! ቅድም ሥራ ነበር ያልሽኝ። በይ፣ እውነቱን አውጪ።»

ተጠርጣሪዋ ተናዘዙ። ሁለቱም አለቀሱ፤ እራት ሲቀርብም ምርመራው ከመጀመሪያው ጥያቄ ተጀመረ።