የትርንጎ አፍንጫ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ሽቶ የሚሸጡ ሱቆች ጥቂት አይደሉም፤ ሰው ምክር ፈልጎ የሚመጣው ግን ትርንጎ ጋ ነው። ከአንበሳሜ መጥታ ሳሙናና ቅባት መሬት ላይ ዘርግታ ስትጀምር እንኳ፣ በአጠገቧ ያለፈች ሴት ምን ሽቶ እንደተቀባች ስሙን ጠርታ ትናገር ነበር። ገበያተኛው ነገሩን እንደ ጨዋታ ይዞ ይፈትናት ጀመር፤ ስሟ የወጣው በዚያ ነው።

ያ አፍንጫ ከኮሮናው ወዲህ የለም። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ሽታ ግን አልተመለሰላትም። በርበሬ ሲቆላ ያስነጥሳታል እንጂ አይሸታትም፤ ወጥ ማረሩን የምታውቀው ጭሱን ስታይ ነው። ለማንም አልተናገረችም። የማይሸታት ሴት ሽቶ ትሸጣለች ከተባለ ማን ይመጣል?

ይልቁንም ፊት ማንበብ ተማረች። የቆዩትን ጠርሙሶች በትዝታ ታውቃቸዋለች፤ ለቀረው የደንበኛው ፊት ይበቃታል። የእጁ አንጓ ላይ ትረጭና ዓይኗን አትነቅልም። ቅንድቡ ከተፈታ፣ እጁንም ሳያስበው ዳግመኛ ወደ አፍንጫው ከመለሰ፣ "ለአንተ የተሠራ ነው" ትለዋለች። ተሳስታ አታውቅም።

በጥር መጀመሪያ ከባሕር ዳር ዕቃ የሚያመጣላት ዳኛቸው አዲስ ሽቶ ይዞ መጣ። ካርቶኑ ላይ ነጭ አበባ አለ፤ ጠርዙ መጠውለግ የጀመረ።

"ትርንጎዬ፣ ይሄ እንደ ሌሎቹ አይደለም። ባሕር ዳር ላይ ባልና ሚስት አጣልቷል" አላት።

"ታዲያ ለምን ታመጣብኛለህ?"

"አንቺ ለማን እንደሚሆን ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ!"

መጀመሪያ የሞከረችው ከሱቋ ደጃፍ ላይ ልብስ በምትሰፋው በሰላማዊት ላይ ነው። ሰላማዊት አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። "ኤጭ! በረት ውስጥ የወደቀ አበባ!" አለች። ትንሽ ቆይታ ግን እንደገና አሸተተች፤ አሁንም ፊቷ ተጨማደደ፤ ደግማ አሸተተች። ማዶ ቅቤ የሚሸጡት እማማ ዓለሚቱ በተራቸው ደጋግመው አሽትተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"የአጥር ላይ ጠንበለል ነው፤ ሲመሽ የሚሸተው። ልጅ ሆኜ ጠጉሬ ላይ እሰካው ነበር።"

"እማማ፣ አፍንጫዎን ቅቤ ደፍኖታል እንዴ?"

"ያንቺን ነው ክር የደፈነው!"

ትርንጎ ግራ ገባት። የጠላውም የወደደውም እጁን ወደ አፍንጫው ይመልሳል። የምትመረኮዝበት የቆየ ትዝታም የላትም። ይህን ሽቶ ለማንም ልትመክር አልቻለችም።

በዚያው ሳምንት ሞላ መጣ። ሞላ ጎሚስታ ነው፤ መናኸሪያው በር ላይ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ጓደኛው ይሻው እሑድ ከጋፋት ሙሽራ ሊያመጣ ነው፤ አንደኛ ሚዜው ደግሞ እሱ ነው። ሚዜዎች ሙሽራዋ ቤት ሲገቡ አንደኛው በቤቱ አራት ማዕዘን ሽቶ ይረጫል፤ የሙሽራዋ ዘመዶችም በር ላይ ቆመው ሽቶውን ይመዝናሉ። ካልጣማቸው በዘፈን ይሰድቡታል፤ ስድቡም ከሠርጉ በኋላ ስም ሆኖ ይቀራል።

"ታደሰን አምና ምን እንዳሉት ሰምተሻል?" አላት ሞላ። "‹ናፍጣ› ብለው ዘፈኑበት። እስካሁን ናፍጣው ነው የሚባለው። እኔ ደግሞ ከጎማ ሽታ በቀር የማውቀው የለም። እታለም፣ አንቺ ያልሽኝን እወስዳለሁ።" ነጩን አበባ አየና ጠርሙሱን አነሣ። "ይሄስ? መልኩ ደስ ይላል።"

"በረት!" አለች ሰላማዊት ከስፌቷ ቀና ሳትል።

"ጠንበለል!" አሉ እማማ ዓለሚቱ ከማዶ።

"እናንተን አልጠየቅሁም። እታለም፣ ያንቺ አፍንጫ ምን ይላል?"

ትርንጎ ከመደርደሪያው የተለመደውን ጠርሙስ አንሥታ ብትሰጠው ያበቃ ነበር። እጇንም ወደዚያው ዘረጋች። ሞላ ግን ነጩን ጠርሙስ አልለቀቀም፤ የሚጠብቀው ቃሏን ብቻ ነው። ብትሳሳት ስሙ የሚጠፋው የእሱ ነው።

"አላውቅም" አለችው። "እኔ አይሸተኝም።"

"ምኑ?"

"ምንም። ከኮሮናው ወዲህ።"

የስፌት መኪናው ቆመ።

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ሰላማዊት። "ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ‹ላንቺ የሚሆነው ይሄ ነው› ስትዪኝ?"

"ፊትሽን አይቼ ነዋ።"

"ፊቴ ይሸታል እንዴ!"

ሞላ አልሳቀም። ጠርሙሱን ይዞ ወጣና የባጃጅ ሾፌሮቹ እጅ ላይ መርጨት ጀመረ። ጭቅጭቁ ሱቁ ድረስ ተሰማ፤ አንዱ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ሸሸ፣ ሌላው አንገቱን አስግጎ "ጨምር" አለ። ሞላ ሲመለስ ቆርጦ ነበር።

"እወስደዋለሁ። ሁሉም አንድ ላይ አይሰድቡኝም፤ ግማሾቹ ይሟገቱልኛል።"

ወሬው ሳያድር መናኸሪያውን አዳረሰ። ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ሳለ ትርንጎን ምክር የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁለት የቆዩ ደንበኞቿ ሰላምታ ሰጥተዋት ዓይኗ እያየ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ገቡ። ጠርሙሶቹን ወልውላ ጨረሰችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሰኞ ሞላ ድምፁ በዘፈን ሰልሎ መጣ። ሠርጉ ላይ ገና ሲረጭ የሙሽራዋ አክስት አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው "ይሄን ከየት በረት ጠርገህ አመጣኸው?" አሉት። የሙሽራዋ አያት ግን "ዝም በይ፤ የኛው አጥር ላይ የነበረው ጠንበለል ነው" ብለው ልጃቸውን ገሠጹ። ሴቶቹ ለሁለት ተከፍለው እርስ በርስ በግጥም ሲተራረቡ ሚዜዎቹን መስደብ ረሱ።

"ታዲያ ስም አላወጡልህም?" አለችው።

"አውጥተውልኛል። ‹ጠንበለል› ነው የምባለው። ከናፍጣ ይሻላል።"

ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ሰው በሩ ላይ ቆመ። እሱም ለመጪው እሑድ ሚዜ ነው።

"ያ ጋፋት ላይ ያከራከረው ሽቶ እዚህ ነው አሉኝ። ጥሩ ነው?"

ትርንጎ እጁን ተቀብላ አንጓው ላይ ረጨች።

"እኔ አይሸተኝም፤ አሽትተህ አንተ ንገረኝ" አለችውና ፊቱን ማየት ጀመረች።