ለታንጉት መምህር ፍለጋ

ከጎንደር የወጣን ለት የተነሣነው ጎህ ሳይቀድ ነበር። የጭነት ማኪናው ከአራዳ ገበያ ዳር ቆሞ ያጓራል፤ ሹፌሩ «ቶሎ በሉ እንጂ!» እያለ ጥሩንባውን ይነፋል፤ እኔ ግን ልጄን ታንጉትን በጋቢ ጠቅልዬ አቅፌ የአባቴን እጅ አለቅም ብያለሁ። አባቴ መሪጌታ ናቸው። በአጥቢያችን ደብር ዜማ ሲያስተምሩ አርጅተዋል። የስንብት ምክራቸው ስለ ሱዳን ሙቀት ወይም ስለ ጾም ጸሎቴ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ።

«እዚያ ለልጅቱ ተማሪ ቤት መፈለግሽ አይቀርም» አሉኝ። «ቤቱ አማረ ብለሽ እንዳትሰጫት። የቆሎ ተማሪ መምህር ሲመርጥ እንዴት እንደሚያደርግ እኔ ቤት አድገሽ አይተሻል። ከአጥር ውጭ ተቀምጠሽ ስሚ። ሲያስተምር አይደለም፤ ማስተማርማ ማንም ያስተምራል። ሲያርም ስሚ።»

አዎ፣ አይቻለሁ። በእኛ ዘንድ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ ዘው ብሎ ከመምህር እግር ሥር አይቀመጥም። መጀመሪያ ከአጥሩ ጥግ አኩፋዳውን አስደግፎ ቆሎውን እየቆረጠመ ይሰነብታል። የተሳሳተውን ልጅ መምህሩ እንዴት እንደሚመልሰው ሰምቶ፣ ልቡ ከወደደ ይገባል፤ ካልወደደ ማንንም ሳያስቀይም መንገዱን ይቀጥላል።

አባቴ ይህን ያሉኝ በከንቱ አይደለም። ታንጉት ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስትናገር ምላሷ ይያዛል። በቅሎ ድልድይ ስታይ እንደምትገተር ቃሉ ከከንፈሯ ደርሶ ቀጥ ይላል። ጠበል አስጠምቄያታለሁ፣ ተስያለሁ። ከአያቷ ጋር ስታዜም ግን እንደ ምንጭ ውኃ ይፈስላታል። ብቻዋን ተናገሪ ስትባል ነው ጭንቁ። እንግዲህ ይህችን ልጅ ቋንቋዋን በማያውቅ አገር ለማን እንደምሰጣት ነበር የመንገዴ ሁሉ ሐሳብ።

መተማ ስንደርስ አንድ የኬላ ሹም ከዳስ ሥር ተቀምጦ አገኘን።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የመሪጌታ ልጅ ነኝ።»

«እሱ ሥራ ነው?»

«በእኛ ቤት ነው ጌታዬ።»

ሣቀና ወደ ልጄ ዞረ። «አንቺስ ማን ትባያለሽ?» እሷ «ታ... ታ... ታ...» ስትል እጁን አወናጨፈ። «ተይው ተይው፤ አንቺ እስክትጨርሺ ክረምት ይገባና መንገድ ይዘጋብኛል።» ስሟን እኔ ነገርሁት። ታንጉት ከዚያ እስከ ገዳሪፍ አንድ ቃል አልተነፈሰች።

ከገዳሪፍ በባቡር ካርቱም ገባን። ባለቤቴ ፈንታሁን በአንድ ግሪክ ጋራዥ መካኒክ ሆኖ ቀድሞን ገብቶ ነበር። የካርቱምን ሙቀት ለእናንተ ለደገኞቹ እንዴት ላስረዳችሁ? የደጋ ሰው እዚህ ቢመጣ ከገላው ቆዳውንም ማውለቅ ያምረዋል። ኪስራ የሚሉት እንጀራ የመሰለ ነገር አላቸው፤ ስስ ነው፣ ዓይን የለውም፤ ብትበሉት ብትበሉት ሆድ «ምሳው መቼ ነው?» ይላል። ሰዉ ግን ሸጋ ነው። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም ነው፤ ቋንቋውን ባላውቅም የቤተ ሰቡን ጤና አንድ ባንድ እየጠየቁኝ እንደሆነ በዜማው አውቀዋለሁ።

የመንግሥት ተማሪ ቤት ለአገሩ ልጅም አልበቃ ብሎ ስለ ነበር፣ የቀረን በክፍያ የሚያስተምሩት ናቸው። በቅርባችን ሦስት አሉ፤ የእንግሊዞች፣ የግብጽ ቅብጦችና የካቶሊክ መነኮሳት። ፈንታሁን ለእንግሊዞቹ ቈርጧል። እኔ ልቤ ከቅብጦቹ ነው፤ የሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው፣ ደጃቸው ላይ መስቀል አለ። ካቶሊኮቹን ከቍጥርም አላገባኋቸውም። የጎንደር ሰው ካቶሊክ ሲባል ምን እንደሚያስብ ለጎንደሬ አልነግርም፤ አያቶቻችን ያባረሩትን እኔ ልጄን ይዤ ላንኳኳ?

ስፌቴን ይዤ ወጣሁ። ሙዳይ ጀምሬ ነበር፤ አለላውን ከአገሬ አምጥቻለሁ። መጀመሪያ ከእንግሊዞቹ አጥር ጥግ፣ ኒም ከሚሉት ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ብዙ ሳልቆይ ጋፊር የሚሉት ዘበኛ መጣ።

«ኢንቲ ዳይራ ሺኑ?» ምን ፈልገሽ ነው ማለቱ ነው። በጣቴ ጆሮዬን፣ ከዚያ አጥሩን አሳየሁት። ጥቂት አስቦ ገባና ቍራሽ ዳቦ ይዞልኝ ተመለሰ። ለማኝ መስዬው ነው። አንዲት ወይዘሮ ደግሞ ያላለቀውን ሙዳይ ካልሸጥሽልኝ ብላ ቆመችብኝ።

ከአጥሩ ውስጥ የሚሰማው የማኅበር ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም ባንድ ይላሉ፣ ባንድ ዝም ይላሉ። ሲያምር! መሪውን ተቀብሎ የሚያዜም የማኅሌት ተመሪ ይመስላል። በነጋታው ታንጉትንና አስተርጓሚ ይዤ ገባሁ። አስተርጓሚዬ አያ ስማቸው ናቸው፤ የድብ ባሕር ሰው፣ ዐረብኛውን በጥበቃ ሥራ ካርቱም ኖረው የተማሩ፣ ምላሳቸው ከቃሪያ የሚብስ ሽማግሌ። የተማሪ ቤቱ ሹም ታንጉትን ከልጆቹ መሐል አቆማት። ትርጉሙን ሳታውቅ ዜማውን ይዛ አንድም ሳትሰናከል አብራ ዘለቀችው። ሰውየው ተደሰተ።

«ብቻዋን መቼ ትናገራለች?» ብዬ አስጠየቅሁት።

«ስትጠየቅ።»

«መልሱ ቢዘገይባትስ?»

«ጥግ ትቆማለች። ሥርዓት ነው።»

አያ ስማቸው ይህን ተርጕመው ሲያበቁ ከራሳቸው ጨመሩበት፤ «ያ ጥግ ከዛሬ ጀምሮ የታንጉት ርስት ነው በይው።» ወጣን።

ማታ ለፈንታሁን ስነግረው ተቈጣ። «ምነው አንቺ! ሰው እንግሊዝኛ ፍለጋ ባሕር ይሻገራል፤ አንቺ ግድግዳ ስታዳምጪ ትውያለሽ? ተማሪ ቤት በጆሮ ይመረጣል?»

«አንተስ ሞተር ስትገዛ አስነሥተህ አይደል የምትሰማው?»

የእጁን ዘይት በጨርቅ ጠረገ። «ቢሆንም ሞተሩን ከፍተሽም ታይዋለሽ» አለ፤ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር።

ከቅብጦቹ ደጅ ተሳልሜ ተቀመጥሁ። ልቤ እዚያ እንዲቀር አስቀድሜ እየጸለይሁ ነበርና፣ የሰማሁትን ላለመስማት ብዙ ታገልሁ። አንድ ልጅ ሲያነብ ተሳሳተ፤ መምህሩ የልጁን ስሕተት በዚያው በልጁ ድምፅ አስመስሎ ደገመው፤ ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ቀጥሎ የበትር ድምፅ መጣ። ለዛሬ ሆድ ብሶት ይሆናል፣ ሰው ነው ብዬ በሌላ ቀን ተመለስሁ። ሌላ ልጅ ተሳሳተ፤ ያው ማስመሰል፣ ያው ሣቅ። በትርንስ እኔም አባቴ ቤት አውቀዋለሁ፤ አልፎ ይረሳል። ልጄ ግን ገና አፏን ስትከፍት የሚሣቅላት ቦታ ብትውል፣ ጨርሳ እንደምትዘጋው መተማ ላይ አይቻለሁ። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ መስቀሉን ቀና ብዬ ለማየት አፈርሁ፤ እኔ የበደልሁት ይመስል።

ከካቶሊኮቹ አጥር ሥር የተቀመጥሁት ለመምረጥ አልነበረም። ጥላ አለው፣ ደግሞ እንዴት እንደሚያስተምሩ ማወቅ አማረኝ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። መስኮቱ ክፍት ነው። አንዲት ልጅ ታነባለች፤ መሐል ላይ ቆመች። ጸጥ አለ። በጣም ጸጥ ከማለቱ የተነሣ መምህሯ ትታት የወጣች መሰለኝ። ወስፌዬን አለላው ውስጥ ወግቼ እጄ ቀረ። ከብዙ ዝምታ በኋላ ልጅቱ ራሷ ቃሉን አወጣችው። ያን ጊዜ አንድ የአሮጊት ድምፅ ቀስ ብሎ «ወ ባዕዴን?» አለ። ልጅቱ ቀጠለች።

ሮጬ ለአያ ስማቸው «ወ ባዕዴን ምን ማለት ነው?» አልኋቸው።

«‹ከዚያስ?› ማለት ነው። ምነው? ማን ምን አለሽ?»

ደጋግሜ ሄድሁ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ዝምታ፣ ቀጥሎ ‹ከዚያስ?›። በመጨረሻ አሮጊቷ መነኩሲት ራሷ በርጩማ ይዛ ወጣችና ከአጠገቤ አኑራ ተቀመጭበት አለችኝ በምልክት። በሌላው ቀን ታንጉትንና አያ ስማቸውን ይዤ ገባሁ። አገሯን አስጠየቅሁ፤ «ኢጣልያ» አለች።

አያ ስማቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ምን ጉድ ነው? ካቶሊክ አንሶ ጣልያን! አባትሽ ይህን ቢሰሙ መቋሚያቸውን ይሰብሩብሻል። እኔ አልተረጕምም።»

እኔም ደነገጥሁ። አባቴ በጠላት ዘመን የደብራችንን መጻሕፍት በአህያ ጭነው ደጋ ለደጋ ሲያሸሹ ነው ጸጕራቸው የሸበተው። ሴትዮዋ ግን ከአያ ስማቸው ቍጣ ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ከዚያ በጣቷ የያዝሁትን እያመለከተች «ቦርሳ» አለች። እኔም ሳላስበው «ቦርሳ» አልሁ። በመስኮት ወደ መንገዱ አሳየችና «ማኪና»፤ «ማኪና» አልሁ። ከዚህ ሌላ የጋራ ቃል የለንም፤ በቦርሳና በማኪና ደግሞ የልጅ ሃይማኖት ውል አይዋዋሉበትም። «አያ ስማቸው፣ በልጄ ይሁንብዎ፣ ይቀመጡ» ብዬ ለመንሁ። እያጕረመረሙ ተቀመጡ።

«በጸሎታችሁ ሰዓት ልጄን እንዳታስገቡብኝ» አስባልሁ።

«የእስላም ልጆች አሉን፣ የቅብጥም አሉ። በዚያ ሰዓት ጥልፍ ይጠልፋሉ።»

«ረቡዕና ዓርብ ወተት አይሰጣት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስድስት።»

«ቤተ ክርስቲያናችሁ የስድስት ዓመት ልጅ ጹሚ ትላለች?»

«ሰባት ሲሞላት ነው» አልሁ፤ ውሸት አልወድም።

«እንግዲያው በሚመጣው ዓመት እንጣላለን» አለችና ወደ ታንጉት ጎንበስ ብላ ስሟን ጠየቀቻት።

ታንጉት ጀመረች፤ ተያዘች። አያ ስማቸው ሊያግዙ አፋቸውን ሲከፍቱ መነኩሲቷ እጇን አነሣችባቸው። ጠበቅን። «...ታንጉት» አለች ልጄ። «ወ ባዕዴን?» አለች ሴትዮዋ። አያ ስማቸው ‹ከዚያስ?› ብለው ተረጐሙላት። ልጄ ከስም ቀጥሎ የምታውቀው አንድ ነገር ነው፤ አያቷ እንዳስጠኗት ዘሯን መቍጠር። «ፈ... ፈንታሁን» አለች። «ወ ባዕዴን?» የፈንታሁንን አባት ጠራች። ሴትዮዋ የምትሰማው ምን እንደሆነ ሳታውቅ በየስሙ ‹ከዚያስ?› ትላለች፤ ልጄ በየስሙ ትያዛለች፣ ትወጣለች፤ ላብ ግንባሯን አጥምቆታል፣ ግን አላቆመችም። እስከ ሰባት ቤት ቈጠረች። በዜማ ሳይሆን፣ ብቻዋን፣ ለባዕድ ሰው።

አያ ስማቸው በእጃቸው መዳፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሰባት ቤት የምታስቈጥረን ልትድራት ነው እንዴ?» አሉ።

ታንጉት ከመነኮሳቱ ዘንድ ገባች። ፈንታሁን «ቋንቋ እስካስተማሯት ሞተሩ የጣልያንም ቢሆን ማኪናው ይሂድ» ብሎ ተስማማ። እኔ ግን ከቅብጦቹ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ስቆም ለአባቴ ምን እንደምል እንጂ ቅዳሴውን አልሰማም ነበር።

በመጨረሻ ከቴሌ ቀጠሮ አስይዘን ደወልን። በእናንተ ዘንድ ክረምቱ ጠንክሮ ነበር፤ አባቴ በዚያ ዝናብ ከጎንደር ቴሌ ቢሮ ቆመው ሲጠብቁ ቆይተዋል።

«ደኅና ናችሁ? ጤፍ ታገኛላችሁ? ልጅቱ ተማሪ ቤት ገባች?»

«ገባች አባዬ። እንዳሉኝ ከአጥር ውጭ ሰምቼ ነው።»

«እሰይ! የማን ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርሁ። ታንጉት ስልኩን ስባ ራሷ መለሰች። «የጣ... የጣ...» አባቴ ጠበቁ፤ እኔም አላገዝኋትም። «...የጣልያን ሴት። መነኩሲት ናት። ካ... ካቶሊክ።» ከዚያ ወሬው ተከፈተላት፤ ስለ ጓደኞቿ፣ ስለ ጥልፉ፣ ስለ ጥቁር ሰሌዳው እየተሰናከለች እየተነሣች አወራቻቸው። ስልኩን ስትመልስልኝ ከወዲያ የሚሰማው የሽቦው ጩኸት ብቻ ነበር።

«አባዬ?»

«ሰማኋት» አሉ። «ተናገረች።» ቀጠሉ፤ «ግን ለእነሱ አልተዋትም። መንገዱ ሲደርቅ መተማ ድረስ እመጣለሁ። ልጅቱን ይዘሻት ነይ፤ እኔ ዘንድ ትማር።»

«አባዬ፣ እዚህ እኮ...» ስል መስመሩ ተቈረጠ። ቴሌዎቹ ቀጠሯችሁ አልቋል አሉን።

ፈንታሁን አንሄድም ይላል። ታንጉት አያቷ ሊመጡ ነው ብላ ዋዛ ፈዛዛ የለም፣ ጥልፍ ትጠልፍላቸዋለች። እኔ አባቴን እንቢ ብዬ አላውቅም፤ ልጄንም ከመነኩሲቷ ክፍል የማነሣበት ክንድ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አባቴ የዓይናቸውን ቀለም እስክረሳ ናፍቀውኛል።

ማታ ማታ ከዓባይ ዳር እወርዳለሁ። በክረምት ውኃው የአገራችንን አፈር ተሸክሞ ቀልቶ ነው የሚመጣው፤ ቀይ እስከሆነ ድረስ በእናንተ ዘንድ ይዘንባል፣ የመተማ መንገድም ጭቃ ነው፤ አባቴም አይነሡም። ትናንት ቆሜ አየሁት። ጠርዙ ላይ መጥራት ጀምሯል።