የብዙነህ እንቅልፍ ጠባቂ

ጎባ ውስጥ ተኝቶ የሚሠራ ሰው አለ ቢሏችሁ እንዳትስቁ። አለ፤ ስሙም ብዙነህ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመድረክና ለፊልም ዜማ ሲያወጣ የኖረው ከምሳ በኋላ፣ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጋቢውን እስከ አንገቱ ስቦ ነው። ነቃ ሲል ዜማው አፉ ላይ ይገኛል። እሱ እንዲህ ይላል፤ ከተማውም አምኖ እንዲህ ይላል። እኔ ግን የማጫውታችሁ ስለ ሚስቱ ስለ ሠርከአዲስ ነው። አልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ሹራብ እየሠራች፣ ያን ሁሉ ዘመን እንቅልፉን ስትጠብቅ ስለኖረችው ሴትዮ።

ሠርከአዲስ ጎባ ተወልዳ ጎባ ያደገች ናት። አያቶቿ ከመንዝ ተነሥተው እዚህ ብርድ ላይ ሲሰፍሩ፣ የመንዙ ብርድ አንሷቸው ይሁን እንጃ፣ ወደ ኋላ አላሉም። አባቷ ፍቅረየሱስ ልብስ ሰፊ ነበር። እሷ በልጅነቷ ሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምር ነበርና መዝሙር የሚያስጠኑት ሽማግሌ፣ "ይቺ ልጅ አንዴ የሰማችውን አትጥልም" ይሉላት ነበር። አድጋ ሹራብ መሥራት ያዘች። ረቡዕ ገበያ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች። መቼም ባሌ ላይ ሹራብ የሚሠራ ሰው ጦሙን አያድርም።

ብዙነህን ያገባችው በ1984 ዓ.ም. ነው። የወረዳው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ፣ ሰላም ብሎት የሚያልፍ ሰው እንኳ ብዙም የሌለው። ዝም ይበል እንጂ የቆዩ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ግጥም ይጽፋል። ግጥሙ ደግሞ ግጥም ነው፤ ይኼን ማንም አይክድም፣ ሠርከአዲስም አልካደችውም። ሁለት ዓመት ቆይቶ የጎባ የባህል ቡድን ለአንድ ቲያትር ዘፈን ፈለገ። ብዙነህ ግጥሙን ጽፎ አመጣ፤ ዜማው ግን እምቢ አለው። ሲያፏጭ ዋለ፣ ጠረጴዛ ሲደበድብ ዋለ፣ የለም። በሦስተኛው ቀን ምሳውን በልቶ ጥቅልል አለና ተኛ። ሲነቃ ክንዷን ለቀም አድርጎ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ "እምም… እምምም…" አለ። እሷም ቀስ ብላ መልሳ አዜመችለት።

"እሷ ናት" አለ፣ ዓይኑን ገልጦ። "እሷው ራሷ ናት። በሕልሜ የሰማኋት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ሕግ ወጣለት። ብዙነህ ሲተኛ በሩ ይዘጋል፤ ዶሮዎቹ ከደጅ ይባረራሉ። ሲነቃ ውሃ አይጠጣም፣ ቃል አይናገርም። መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ እሷ ትይዝለታለች፣ መልሳ ታዜምለታለች፣ "እሷ ናት" ይላል፤ ያን ጊዜ ውሃው ይሰጠዋል። ተጫዋቾቹ ሲመጡ ዜማውን የምታስጠናቸው እሷ ነበረች፤ የብዙነህ ድምፅ እንደሆነ የበሬ ነው፣ እሱን ሰምቶ የሚያጠና የለም። ይኼ ለማንም እንግዳ ነገር አልነበረም። ባል ያልማል፣ ሚስት ትይዛለች፤ ላሟን የሚያልብ ሌላ፣ ቅሉን የሚይዝ ሌላ እንደሚሆነው ነው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ወጣ። የጎባው ዘፈን ሮቤ ተሰማ፣ የሮቤው አዲስ አበባ ደረሰ። ቲያትር ቤቶች ደብዳቤ ይልኩለት ጀመር። ፊልም ሠሪዎች ከጎባ በላይ ላለው ለሳነቴ ተራራ ጉም ብለው ካሜራቸውን ተሸክመው ሲመጡ፣ በዚያው የብዙነህን በር ያንኳኳሉ። የቲያትሩም የፊልሙም ወረቀት ላይ "ግጥምና ዜማ፦ ብዙነህ" ተብሎ ይጻፋል። ጎባ ቀልደኛ ናትና አልተወችውም። ከፊት ለፊታቸው ሱቅ ያላት ሞሚና፣ ሠርከአዲስ ክር የምትገዛባት የልብ ጓደኛዋ፣ በሩ ተዘግቶ ስታይ፣ "ጋሽ ብዙነህ ሥራ ገቡ?" ትላለች።

"ገብተዋል" ትላለች ሠርከአዲስ። "ዛሬ እንዲያውም ትርፍ ሰዓት ነው።"

እነዚያ ከሰዓቶች ልዩ ነበሩ። ጉሙ ከሳነቴ ወርዶ መጀመሪያ ኮረብታውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ጣራ፣ ከዚያ የራሳቸውን አጥር ይውጠዋል። የጋሪ ፈረስ ቃጭል ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ይሰማል፣ ይጠፋል። ብዙነህ በረጅሙ ይተነፍሳል። የሠርከአዲስ እጅ ሳታዝዘው ሹራቡን ይሠራል፤ ሁለት ዐይን ቀጥ፣ አንድ ዐይን ገልበጥ፣ ሁለት ቀጥ፣ አንድ ገልበጥ። ዓይኗ ክፍት ነው፤ እሷ ግን የለችም። እንቅልፍ አይሉት ንቃት፣ እዚያ መሐል ላይ ትንሳፈፋለች። እዚያ ስትሆን የሆነ ነገር ይሰማት ነበር። ከብዙነህ ትንፋሽ ይምጣ፣ ከጉሙ ይምጣ ጠይቃ አታውቅም። ምን አስጠየቃት፤ ደስ ይላት ነበር፣ በቃ።

ነገር የተበላሸው፣ ወይም የተቃናው እንደ አያያዛችሁ፣ በ2009 ነው። ሮቤ ነርስ የሆነችው፣ ልደት የምትባል ልጃቸው ለእናቷ ስልክ ገዛችላትና ድምፅ መቅረጽ አስተማረቻት። ያን ሰሞን ሀይሚ የምትባል ወጣት ፊልም ሠሪ ለመጀመሪያ ፊልሟ ዜማ አዛ ነበር። ሠርከአዲስ፣ "እርጅናም መጣ፣ ብረሳስ" ብላ ስልኩን ትራሱ አጠገብ አድርጋ ቀረጸች። ብዙነህ ነቃ፣ ክንዷን ያዘ፣ አጉረመረመ። እሷ መልሳ አዜመችለት። "እሷ ናት" አለ። ውሃውን ጠጣ፣ ወጣ።

ማድቤት ገብታ ስልኩን ከፈተች። መጀመሪያ ማንኮራፋት። ከዚያ "እምም… እም…"፤ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ። ይኸው ነው። ሁለት ድምፅ፣ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ የምታወጣው ዓይነት። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፤ ያም ዜማ ነበር። መነሻ አለው፣ ዳገት አለው፣ መውረጃ አለው፤ ሲያልቅ ደግሞ ገና ያልተነገረ ነገር ያለ ያስመስላል። ደግማ ሰማችው። ሦስተኛ ሰማችው። በመጀመሪያ የሰው ዕቃ ስትሰርቅ የተያዘች መሰላትና ደነገጠች። ቀጥሎ ደስታ መጣ፤ ብቻዋን ማድቤት ቆማ፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ከዚያ ብዙነህ ትዝ አላት። ይኼ ሰው ከዜማው በፊት ማን ነበር? ማንም ሰላም የማይለው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ቢያውቅ ምን ይሆናል? ድምፁን ከስልኩ ላይ አጠፋችው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲያ ያሉትን ዜማዎች ሁሉ የሷ እንደሆኑ እያወቀች ነው የሠራቻቸው። አራት ፊልም፣ ሁለት ቲያትር። ስታውቅ ደግሞ ዜማው አማረ። ቀን ክር ስትጠቀልል ትጀምረዋለች፣ ረቡዕ ገበያ ስትቀመጥ ታስተካክለዋለች፤ እሱ ነቅቶ "እምም" ሲል ያለቀለትን ትሰጠዋለች። "እሷ ናት" ይላል። አንድም ቀን "አይደለችም" ብሎ አያውቅም። ይኼኛው ነገር ያስቃት ነበር፤ እየቆየ ግን ያማት ጀመር።

የተሸለመው የሀይሚ ሁለተኛ ፊልም ዜማ ነው። ፊልሙ ባሏ ሳነቴን ሊሻገር ሄዶ የቀረባት ሴት ታሪክ ነው። ግጥሙን ብዙነህ ጻፈው፦

ጉሙ ወርዶ ወርዶ ደጄን ቢሸፍነው፣
መምጣትህን ያወቅሁ በእግርህ ድምፅ ነው።

ዜማውን ሠርከአዲስ ያወጣችው አርባ ቀን ፈጅቶባት ነው፤ ስትጥል፣ ስታነሳ። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይቺ አንዷ የሷ መሆኗ እንዲታወቅላት ፈለገች። ዕድሜ ልኳን ምንም ፈልጋ አታውቅም፤ ይቺን ግን ፈለገች።

በ2016 አዲስ አበባ ተጠርተው ሄዱ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ስሙ ሲጠራ ብዙነህ አዲሱን ኮቱን ለብሶ፣ ደረጃውን እየቆጠረ ወጣ። ሽልማቱን ተቀበለና ማይኩን እንደሚነክሰው ነገር ፈራ ተባ እያለ ያዘው።

"ዜማዋን የሰጠኝ እንቅልፌ ነው" አለ። "እንቅልፌን የጠበቀችልኝ ደግሞ ባለቤቴ ናት። እዚያ ተቀምጣለች።"

ሕዝቡ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ካሜራው ዞሮ ፊቷ ላይ መጣ። ፈገግ አለች፤ ምን ታድርግ። ከልቧ ግን ከፋት። በር ጠባቂ ተባለች፤ በገዛ ቤቷ።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ዶዶላንና አዳባን አልፎ ዲንሾ ላይ ጉም ውስጥ ገባ። ብዙነህ ሽልማቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ትከሻዋ ላይ ተኝቷል። ከመስኮቱ ውጭ ኒያላዎች ቆመዋል፤ ግማሽ አካላቸው ይታያል፣ ግማሹ የለም። ልቀስቅሰውና ልንገረው አለች። ዞር ብላ ፊቱን አየችው፤ ተኝቶ ፈገግ ይላል፣ ደስታው ከእንቅልፉ አልፎ ወጥቷል። አንጀቷን በላት። ተወችው። ተወችው እንጂ እስከ ጎባ ድረስ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ነው የገባችው።

ከሞሚና ግን ምን ይደበቃል። ክር ልትገዛ ገብታ ቀለሙን እንኳ ሳትመርጥ ስትቆም፣ ሞሚና ሚዛኗን አስቀመጠች።

"አካም ጅርታ ሠርኬ? ባልሽ ተሸልሞ አንቺ ሐዘን ተቀምጠሻል?"

ሠርከአዲስ ነገረቻት። የማድቤቱን፣ የስልኩን፣ የሰባቱን ዓመት ዝምታ፣ ሁሉንም። ሞሚና እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማቻት፤ ሞሚና ሰው ሳታቋርጥ ስትሰማ ያየ ጎባ ውስጥ የለም።

"ወላሂ፣ እሱ አልበደለሽም" አለች በመጨረሻ። "ሐቅሽን ራስሽ ነሽ የበላሽው። በየቀኑ ሞልተሽ እየሰጠሽው፣ ለምን ጠገበ ትያለሽ? አንድ ቀን አትስጪው።"

"ቢሞትብኝስ?"

"ሰው አላለምክም ስላሉት አይሞትም፣ አቦ።"

በሳምንቱ ሀይሚ ለአዲስ ፊልም ደወለች። ብዙነህ ግጥሙን ጨርሶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጋቢውን ስቦ ተኛ። ሠርከአዲስ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ዜማው ጉሮሮዋ ላይ ነበር፤ ከሦስት ቀን በፊት አልቆላታል። ነቃ። ክንዷን ያዘ። "እምም… እም…" አለና ጠበቀ።

እሷ ዝም አለች።

"ምን አልኩ?" አለ።

"ምንም አላልክም።"

ተገርሞ አያት፤ ውሃውን ጠጣ፤ "ምሳው ከብዶኝ ነው" ብሎ ወጣ። በማግስቱ ምሳ ቀንሶ ተኛ። ነቃ፣ አጉረመረመ፣ ጠበቀ። ምንም። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ አልበላም፤ እንቅልፍም አልወሰደው። ኮርኒሱ ላይ አፍጥጦ ተጋደመ።

"ጆሮሽን አሞሽ ይሆን ሠርኬ?"

"ጆሮዬ ደህና ነው።"

ደጅ ጋሪ አለፈ። ቃጭሉ እየራቀ ጠፋ።

"ያቺ የተሸለመችዋ" አለ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ነኝ ያልኳት?"

ሠርከአዲስ ሹራቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "አይደለህም" አለች። "እኔ ነኝ ያወጣኋት። አርባ ቀን ፈጅታብኛለች።" የስልኩን ነገር ነገረችው፣ ከዚያ ወዲህ ያሉትን አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ብዙነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ገደልኩት፣ አለች በልቧ። እጇን ልትዘረጋለት አሰበችና መልሳ ሰበሰበችው።

"ከስልኩ በፊት ያሉትስ?" አለ ግድግዳው ላይ እንዳፈጠጠ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

"ያንተ ናቸው" ብትለው በዚያው ይገላገሉ ነበር። "የኔ ናቸው" ብትልም የሚከራከራት የለም። ሁለቱም ውሸት ሆነባት።

"እኔም አላውቅም ብዙነህ። ስንቱን አንተ እንዳልከው፣ ስንቱን እኔ እንደጨመርኩት አላውቅም። ያኔ እኔም ተኝቼ ነበር።"

ጉሙ መስኮቱን ሞልቶ ቤቱ ነጭ ሆነ። በኋላ ጋቢውን ገፎ ተነሣ፤ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ሀይሚ ጋ ደወለ።

"ወረቀት ያዢ" አላት፣ መዝገብ ቤት በነበረ ጊዜ በሚናገርበት ድምፅ። "የአዲሱ ፊልም ዜማ ደራሲ ሠርከአዲስ ፍቅረየሱስ ናት። የመጀመሪያ ፊልምሽም፣ የተሸለመውም ዜማ የሷ ነው። ለሸለሙንም ሰዎች እንዲሁ ጻፊላቸው። የኔ ግጥሙ ብቻ ነው።"

"ጋሽ ብዙነህ" አለች ሀይሚ፣ "ደህና ነዎት? ከእንቅልፍ ነው የተነሡት?"

"አልተኛሁም" አለ። "ነቅቼ ነው የምነግርሽ።"

ሠርከአዲስ ያላለቀውን ሹራብ ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።