የተነከሰች ፍሬ

ባየ በቴፒ አቅራቢያ ባለ አንድ የቡና መፈልፈያ የማድረቂያ አልጋዎች ኃላፊ ነው። ቡናው መድረቅ አለመድረቁን የሚያውቀው በጥርሱ ነው፤ ከየአልጋው አንድ ፍሬ አንሥቶ ይነክሳል። ጠጥራ ከተሰበረች ደርቋል፤ ጥርስ ከሰመጠባት ገና ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ ቃሉን የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን ሰውን ሁሉ ይጠረጥራል፤ ካለፈው መስከረም ወዲህ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ተከራዩን ኢዮሲያስን።

ኢዮሲያስ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ነው። የባየ ሚስት ወሰንየለሽ የጓሮ ቡናዋን በሰፌድ ስትለቅም በረንዳ ላይ ወጥቶ ያጫውታታል። ባየን ያንገበገበው የሚስቱ ሳቅ ነበር፤ ለእርሱ እንደዚያ ስቃለት አታውቅም።

አንድ እሑድ ከበሩ ኋላ ቆሞ አዳመጠ።

«እጅግ ጥቃቅን በሆኑት ነገሮች ዘንድ» ይላል ኢዮሲያስ፣ «ጥያቄ ነገሩን ሳይነካ አያልፍም። ሁለት ጥያቄ ቢኖርዎት፣ አስቀድመው የጠየቁት የሁለተኛውን መልስ ይለውጠዋል። በተለመደው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ሦስትና ሦስት ጊዜ ሁለት እኩል ነው፤ እዚያ ግን ፊትና ኋላ አንድ አይደለም።»

«እንደ ባሌ ጥርስ በለኛ» አለች ወሰንየለሽ። «ነክሶ ደረቀች ይላል። ከዚያ ወዲያ ትበቅል እንደሆን ብትጠይቃት ማን ይመልስልሃል?»

ሁለቱም ሳቁ። ለባየ ከነገሩ ሁሉ የገባው ጥርሱ መሳቂያ መሆኑ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ወሰንየለሽ የወለደች እኅቷን ልታርስ ወደ ማሻ ተነሣች። ባየ ሻንጣዋን ይዞ እስከ መናኸሪያ ሸኛት። በሆዱ ሁለት ጥያቄ ነበረው። አንዱ መቼ ትመለሻለሽ የሚል ነው፤ አፉ ላይ የቀደመው ግን ሌላው ሆነ።

«ልብሽ ከዚያ ልጅ ጋር ነው?»

ወሰንየለሽ ሻንጣዋን ከእጁ ተቀበለች።

«መቼ ትመለሻለሽ?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ከቤት ስንወጣ ጠይቀኸኝ ቢሆን በሳምንቴ እመለሳለሁ እልህ ነበር። አሁን ግን አላውቅም፣ ባየ።»

«የመጀመሪያውን እንዳልጠየቅሁ ቁጠሪው።»

«ነክሰኸዋል እኮ» አለችና ወደ መኪናው ገባች።

ባየ ቤቱ ሲደርስ ኢዮሲያስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ባየ፣ እትዬ መቼ ይመለሳሉ?»

ያችው ጥያቄ በሌላ ሰው አፍ እንዲህ መቅለሏ ባየን ዳግመኛ አስቀናው። ጫማውን አውልቆ ጭቃውን ከደረጃው ጋር እየመታ አራገፈ።

«አልጠየቅኋትም» አለው።